አዲስ አበባ ላይ የመጀመሪያውን ባለኮምፒውተር ቴሌስኮፕ ስለ መምረጥ

ጥያቄ፦ «የምንኖረው አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጄ የሥነ ፈለክ ፍቅር ስላደረባት፣ ሜሪላንድ የሚኖረው ወንድሜ ለገና ሲመጣ ኮምፒውተር ያለው ቴሌስኮፕ እንዲያመጣልን አንድ ሺህ ዶላር ገደማ መድበናል። እሱ ትንሽ ጨምረን ስምንት ኢንቹን የሰለስትሮን ኔክስታር እንግዛ ይላል። ፎቶግራፍ አንሺ የሆነ ወዳጃችን ደግሞ ኢኳቶሪያል ማውንት የሌለው ቴሌስኮፕ መጫወቻ ነው አለን። እኔ በበኩሌ በጣም ባነሰ ዋጋ 675 ጊዜ የሚያጎላ አይቻለሁ። ኮምፒውተሩ ሁሉንም በራሱ ያገኛል ወይ? ኢንተርኔት ይፈልጋል ወይ? ጋላክሲዎችን ካርቶኑ ላይ እንዳሉት ፎቶዎች እናያቸዋለን? የትኛውን ልግዛ?»

ምላሽ፦ ስምንት ኢንቹን አይግዙ፤ ኢኳቶሪያሉንም፣ 675 ጊዜ ያጎላል የተባለውንም አይግዙ። ለእርስዎ ቤትና ለልጅዎ የሚስማማው፣ ብርሃን የሚቀበልበት ስፋት 127 ሚሊ ሜትር የሆነ ማክሱቶቭ የተባለው፣ ሌንስና መስታወት አጣምሮ የሚይዝ ባለ አጭር ቱቦ ቴሌስኮፕ፣ ወደ ጎንና ወደ ላይ በሚዞር ቀላል ባለሞተር ማውንት (ቱቦውን ተሸክሞ የሚያዞረው ክፍል) ላይ ተቀምጦ ነው። ምርጫው ለምን እዚህ ላይ እንደሚያርፍ ለመረዳት ግን በጥያቄዎ ውስጥ የተቀላቀሉትን ነገሮች መለየት ያስፈልጋል።

ኮምፒውተር ያለው ቴሌስኮፕ ከሌለው የተሻለ አያሳይም። ኮምፒውተሩ ሁለት ሥራ ብቻ ይሠራል፦ የመረጡት የሰማይ አካል ወዳለበት አቅጣጫ ቱቦውን በሞተር ያዞራል፤ ከዚያም መሬት በዛቢያዋ ላይ ስለምትሽከረከር አካሉ ከዕይታ እንዳይወጣ ቀስ እያለ ይከተለዋል። የሚታየው ነገር ምን ያህል እንደሚደምቅና ምን ያህል ዝርዝር እንደሚኖረው የሚወስነው የዋናው ሌንስ ወይም መስታወት ስፋት ነው። ከገንዘብዎ ከፊሉ ለሞተርና ለኤሌክትሮኒክስ ሲውል ለመስታወቱ የሚተርፈው ያንሳል፤ ስለዚህም በተመሳሳይ ዋጋ፣ በእጅ እየተገፋ የሚዞረው ዶብሶኒያን የተባለው ቴሌስኮፕ የበለጠ ስፋት ይሰጣል። ሜሪላንድ የሚኖሩት እርስዎ ቢሆኑ ኖሮ ምናልባት እሱን እመክርዎ ነበር። ነገር ግን የስምንት ኢንች ዶብሶኒያን ቱቦ ብቻውን ከአንድ ሜትር በላይ ይረዝማል፤ በሻንጣ አይመጣም፣ በየምሽቱም አራት ፎቅ ይዘውት የሚወርዱት ዕቃ አይደለም። ከዚህም በላይ ዶብሶኒያን የሚጠቀም ሰው ደብዛዛ አካላትን የሚያገኘው በዓይን ከሚታዩ ኮከቦች ተነሥቶ ደረጃ በደረጃ እየተጠጋ ሲሆን፣ የአዲስ አበባ የመንገድና የሕንፃ መብራት እነዚያን መንገድ ጠቋሚ ኮከቦች እየዋጣቸው መጥቷል። ከተማ ውስጥ ለኮምፒውተሩ የሚከፈለው ገንዘብ የሚያስቆጨው አይደለም የምለው በዚህ ምክንያት ነው።

በራሱ ያገኛል ወይ ላሉት፣ አያገኝም። እርስዎ ያሰቧቸው ማሽኖች ሰማዩን የሚያዩበት ዓይን የላቸውም፤ ያላቸው የአካላት ዝርዝርና ስሌት ነው። ስሌቱ ደግሞ የሚቆመው እርስዎ በሚነግሩት ሦስት ነገር ላይ ነው፦ የት እንዳሉ፣ ቀኑ ስንት እንደሆነና ሰዓቱ ስንት እንደሆነ። ከዚያ በኋላ ሁለት ወይም ሦስት ደማቅ ኮከቦችን በየተራ በዕይታው መካከል አስገብተው ያረጋግጡለታል፤ ይህ አላይንመንት የሚባለው ሥራ ነው። ከሦስቱ አንዱ ከተሳሳተ ማሽኑ ምንም ሳያመነታ ወደ ተሳሳተ ቦታ ይዞራል። በአገራችን ደግሞ ሦስቱንም ለመሳሳት የሚያመቹ ምክንያቶች አሉን፤ ከማሽኑ ጋር በሚመጣው መመሪያ ላይ ስለማያገኟቸው እዚህ ዘርዘር አደርጋቸዋለሁ።

አምና በጥር አንድ ወዳጄ ቴሌስኮፑ እንደተበላሸ ነግሮኝ ቤቱ ሄድኩ። ማሽኑ ግቢው ውስጥ ተተክሎ፣ የመቆጣጠሪያው ቀይ ጽሑፍ እያበራ ቆሟል። ጁፒተር ከጎረቤት ሮቶ በላይ ከፍ ብላ ቦግ ብላ ትታያለች፤ ማሽኑ ግን ጁፒተርን ሲጠይቁት ከአድማስ በታች ናት ብሎ ይመልሳል። ለአላይንመንት ከሚያቀርብልን ኮከቦችም ብዙዎቹ አስቀድመው የጠለቁ ነበሩ። መቆጣጠሪያውን ተቀብዬ የገባውን ሰዓት ስመለከት ከሰዓት በኋላ 2:30 ይላል። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ስለነበር ወዳጄ ያስገባው ያንኑ ነው። ሰማይ በሰዓት 15 ዲግሪ ይዞራል፤ በእኛና በውጩ የሰዓት አቆጣጠር መካከል ያለው የስድስት ሰዓት ልዩነት 90 ዲግሪ ነው፣ ማለትም የሰማይ ሩብ ዙር። 20:30 ብለን አስተካክለን፣ ሲሪየስንና ካፔላን አረጋግጠንለት ጁፒተርን ደግመን ስንጠይቀው ሞተሩ እያጉረመረመ ዞረና ቆመ። ወዳጄ ዓይኑን ሲያስጠጋ ፕላኔቷ ሁለት ቡናማ መቀነቷን ታጥቃ፣ ጨረቃዎቿም በግራና በቀኝ በአንድ መስመር ተደርድረው አያቸው። የተበላሸ ነገር አልነበረም።

ስለዚህ ሰዓቱን ሁልጊዜ በ24 ሰዓት አቆጣጠር ያስገቡ። የሰዓት ቀጠናችን በዓለም አቀፉ ሰዓት ላይ 3 ሰዓት ሲደመር ነው፤ በበጋና በክረምት ሰዓት የምንለውጥበት ልማድ ስለሌለን «ስታንዳርድ» የሚለውን ይምረጡ። ቀኑ በግሪጎርያን አቆጣጠር ይገባል፤ በአሜሪካ ልማድ በተሠሩ ማሽኖች ላይ ወሩ ከቀኑ ይቀድማል። ጃንዋሪ 5 ለማለት 05/01 ብሎ ያስገባ ሰው ማሽኑን ሜይ 1 ላይ አስቀምጦታል፤ ስሕተቱ በሰማይ ላይ ወደ 115 ዲግሪ ይደርሳል። አዲስ አበባ በሰሜን ኬክሮስ 9 ዲግሪ፣ በምሥራቅ ኬንትሮስ ደግሞ ከ38 ዲግሪ ተኩል ትንሽ አለፍ ብላ ትገኛለች። አሜሪካ ላይ ተሞክሮ የመጣ ማሽን «ምዕራብ» የሚለውን ይዞ ስለሚመጣ፣ ቁጥሩን ብቻ ለውጠው አቅጣጫውን ከረሱት አትላንቲክ ውቅያኖስ መካከል ቆመው እንደሚያዩ ይቆጥራል።

በስልክ የሚታዘዙ ማውንቶች ቦታውንም ቀኑንም ሰዓቱንም ከስልኩ ስለሚወስዱ ይህ ሁሉ ጣጣ ይቀንሳል፤ ምርጫዬን ወደ እነሱ ካዘነበሉት ምክንያቶች አንዱም ይኸው ነው። ሆኖም የስልክዎን ሰዓት በእጅዎ ወደ ሐበሻ አቆጣጠር ለውጠውት ከሆነ፣ ብዙ ሰው እንደሚያደርገው፣ ያው የስድስት ሰዓት ስሕተት በስልኩ በኩል ይገባል። ከመጀመርዎ በፊት የስልኩን ሰዓትና ቀጠና አውቶማቲክ ላይ ያድርጉት። ኢንተርኔት አያስፈልግም፤ ማውንቱ የራሱን ዋይፋይ ይፈጥርና ስልኩ ከእሱ ጋር ይገናኛል። ዳታ ክፍት ከሆነ ግን ስልኩ ይህ ዋይፋይ ኢንተርኔት የለውም ብሎ በመሐል ግንኙነቱን ስለሚጥል፣ አፑን ቤት ሳሉ አውርደው ሲወጡ ዳታውን ይዝጉት።

ልጅዎ ማሽኑ ከመድረሱ በፊት ጥቂት ኮከቦችን ከነስማቸው ብትለይ ከመጀመሪያው ምሽት ጀምሮ ትሠራበታለች። በገና ሰሞን ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ግድም ሲሪየስ በምሥራቅና በደቡብ ምሥራቅ መካከል ከኮከቦች ሁሉ ደምቃ ትታያለች፤ ካፔላ በሰሜን ምሥራቅ በኩል ከፍ ትላለች፤ ካኖፐስ በደቡብ ምሥራቅ ዝቅ ብላ ትወጣለች፤ ቀላ የሚለው አልዴባራን ከአናት ብዙም ሳይርቅ ይቆማል። ለአላይንመንት ሲሪየስንና ካፔላን ትውሰድ። ሁለቱ ኮከቦች በአቅጣጫ የተራራቁ መሆናቸው ስሌቱን ያጸናዋል፤ ከአናት አጠገብ ያለ ኮከብ ግን ሞተሩ በትክክል የሚይዘው አይደለምና ትለፈው።

ስለ 675 አጭር መልስ ይበቃል። ማጉላት ማለት የቱቦው የትኩረት ርቀት (ብርሃኑ ከዋናው ሌንስ ወይም መስታወት ተነሥቶ አንድ ነጥብ ላይ እስኪሰበሰብ የሚሄደው ርቀት) አይፒስ ለሚባለው የዓይን ሌንስ የትኩረት ርቀት ሲካፈል የሚገኝ ቁጥር ነው። 900 ሚሊ ሜትር የትኩረት ርቀት ላለው ቱቦ 4 ሚሊ ሜትር አይፒስና ሦስት እጥፍ የሚያደርግ ባርሎው ሌንስ ቢጨመርለት 675 ይወጣል፤ ቁጥሩ የተገኘው በዚሁ መንገድ ነው። ጠቃሚው ማጉላት ግን በሚሊ ሜትር ከተለካው ስፋት እጥፍ አያልፍም፤ የዚያ ዓይነቱ ቴሌስኮፕ ስፋት 114 ሚሊ ሜትር ከሆነ ከ228 በላይ ያለው ሁሉ ብዥታን ማስፋት ብቻ ነው። እኔ የምመክርዎ 127 ሚሊ ሜትሩ የትኩረት ርቀቱ 1,500 ሚሊ ሜትር ስለሆነ በ25 ሚሊ ሜትር አይፒስ 60 ጊዜ፣ በ10 ሚሊ ሜትር 150 ጊዜ ያጎላል። በ60ው ሙሉ ጨረቃ ከነዙሪያዋ ትገባለች፤ በ150ው የጁፒተር መቀነቶችና የጨረቃ ገደሎች ውስጥ የወደቀው ጥላ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

አሁን ወደ ስምንት ኢንቹ ልመለስ፤ ወንድምዎ ያሰቡት ያለ ምክንያት አይደለምና። 203 ሚሊ ሜትር ስፋት ከ127ቱ ሁለት ተኩል እጥፍ ያህል ብርሃን ይሰበስባል፤ ልዩነቱ እውነተኛ ነው፣ ጨለማ አገር ላይ ቋሚ ቦታ ያለው ሰው በጣም ይጠቅመዋል። ነገር ግን ዋጋው ከመደባችሁት ያልፋል፤ ከነማቆሚያው ወደ 15 ኪሎ ይመዝናል፤ ቱቦውን የሚሸከመው ባለ አንድ ክንድ ማውንት ስድስት ኢንቹን ከሚሸከመው ጋር አንድ ዓይነት ስለሆነም በትንሽ ንፋስና በአይፒስ ማስተካከል ይንቀጠቀጣል። ዋናው ነገር ግን ክብደቱ ከቤታችሁ አቀማመጥ ጋር መጋጨቱ ነው። ፕላኔቶች በሰማይ ላይ የሚሄዱበት መንገድ ከአዲስ አበባ ሲታይ አናታችን ላይ ያልፋል፤ በሰሜን-ደቡብ መስመር ላይ ሲደርሱ ከፍታቸው ከ57 ዲግሪ ብዙም አይወርድም። አውሮፓ ያሉ ተመልካቾች የሚመኙት ጸጋ ነው፤ ፕላኔት ከፍ ባለ ቁጥር ብርሃኗ የሚያልፍበት አየር ስለሚቀጥን ምስሏ ይጠራል። የአራተኛ ፎቅ በረንዳ ግን በላዩ ሌላ በረንዳ ስላለበት፣ የሚሸፍንብዎ ልክ ያንን ምርጥ የሰማይ ክፍል ነው። በዚያ ላይ ቀን በፀሐይ የጋለው ግድግዳ ሌሊቱን ሙቀት ሲተፋ ምስሉን ያርገበግበዋል፤ የበረንዳው ወለልም ሰው በተራመደ ቁጥር ይነቀነቃል። እንግዲህ ቴሌስኮፑ ወደ ግቢ መውረድ ወይም ወደ ጣሪያ መውጣት አለበት፤ ጥያቄው የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ያለ አባቷ እርዳታ በአንድ ጊዜ ይዛው ትወርዳለች ወይ የሚለው ነው። 127 ሚሊ ሜትሩን ትይዘዋለች፤ የቱቦው ርዝመት ከአንድ ክንድ ያንሳል፣ ማውንቱም በአንድ እጅ ይያዛል።

ወዳጃችሁ ስለ ኢኳቶሪያል ማውንት የተናገሩት ለረጅም ሰዓት ፎቶ እውነትነት አለው፤ ለመመልከት ግን አያስፈልግም፣ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ በተለይ ያስቸግራል። ይህ ዓይነቱ ማውንት አንዱ ዘንጉ ወደ ሰሜን ዋልታ እንዲያመለክት ሆኖ መተከል አለበት፤ ለዚህም የሰሜን ኮከብን ማየት ያስፈልጋል። የሰሜን ኮከብ ከአድማስ ያላት ከፍታ ከቦታው ኬክሮስ ጋር እኩል ስለሆነ፣ ሜሪላንድ ላይ 39 ዲግሪ ያህል ከፍ ብላ የምትገኘው ኮከብ አዲስ አበባ ላይ 9 ዲግሪ ላይ ናት። ከሕንፃ ጀርባ፣ ከእንጦጦ ሸንተረር ጋር ተደባልቃ፣ በጭስና በአቧራ ውስጥ ማለት ነው። በርካታ ኢኳቶሪያል ማውንቶችም እስከ 9 ዲግሪ ዝቅ እንዲሉ ሆነው አልተሠሩም፤ ዝቅ የሚሉትም የሚዛን ክብደታቸው ከማቆሚያው እግር ጋር ይጋጫል። ለመጀመሪያ ቴሌስኮፕ ይህን ሁሉ ድካም መግዛት አያስፈልግም።

እኔ የምመክረው ዓይነት ማውንትም የራሱ ድክመት አለው፤ ድክመቱ ደግሞ ከዚሁ ከአናት ሰማይ ጋር የተያያዘ ነው። አንድ አካል አናት ላይ ሊደርስ ሲል ማውንቱ እሱን ለመከተል ወደ ጎን በፍጥነት መዞር ይኖርበታል፤ በትክክል አናት ላይ ሲሆን ጭራሽ ያመልጠዋል። አንዳንዱ ቱቦ ላይም አይፒሱ ወይም ካሜራው ከማውንቱ ግርጌ ጋር ሊጋጭ ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ አካሉ አናት ላይ ከመድረሱ አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ ወይም አንድ ሰዓት ዘግይቶ መመልከት።

ፎቶውን በተመለከተ፣ ካርቶኑ ላይ ያለው ምስል ካሜራ ለብዙ ደቂቃዎች፣ አንዳንዴም ለሰዓታት የሰበሰበው ብርሃን ድምር ነው። ዓይን ብርሃን አያጠራቅምም። የኦራዮን ኔቡላ (በኮከቦች መካከል ያለ የጋዝና የአቧራ ደመና) በማንኛውም አነስተኛ ቴሌስኮፕ ግራጫ፣ ክንፍ እንደዘረጋ ወፍ የሆነ ጭጋግ ነው፤ እኔ ከዓመታት በኋላም ሳየው ልቤ ይመታል፣ ነገር ግን ሐምራዊ ቀለም የምትጠብቅ ልጅ በመጀመሪያው ምሽት ታዝናለች። አስቀድመው ይንገሯት። ስለ ሳተርንም ይንገሯት፤ ቀለበቱ በመጋቢት 2017 በጠርዙ ወደ እኛ ዞሮ ስለነበር በ2018 የገና ሰሞን ቀጭን መስመር ሆኖ ነው የሚታየው፤ ከዚህ በኋላ ባሉት ዓመታት እየተከፈተ ይሄዳል። የአንድሮሜዳ ጋላክሲ ከከተማ የደበዘዘ ነጠብጣብ ነው፤ ስፋቱም ወደ ሦስት ዲግሪ ስለሚጠጋ ከአንድ ዲግሪ የማያልፈው የማክሱቶቭ ዕይታ ውስጥ ጠቅላላው አይገባም።

በዚህ ቴሌስኮፕ የሚነሣው ፎቶ የጨረቃና የፕላኔቶች ነው፤ ስልኩን አይፒሱ ላይ የሚይዝ መቆንጠጫ ይበቃል። ረጅም ፎቶ የማይቻለው ማውንቱ አካሉን ሲከተል ምስሉ በራሱ ዙሪያ ስለሚሽከረከር ነው፤ ይህ መሽከርከር ለምድር ወገብ በቀረብን መጠን በሰሜንና በደቡብ በኩል ከፍ ብለው ላሉ አካላት ይበረታል፤ በቀጥታ በምሥራቅ ወይም በምዕራብ ላሉት ግን እጅግ ይቀንሳል። የጋላክሲና የኔቡላ ፎቶ ከሆነ ልጅዎን የሚስባት፣ መግዛት ያለብዎ ሌላ ዕቃ ነው፦ ሲስታር ኤስ50ን የመሰሉ፣ የራሳቸው ካሜራ ያላቸው ማሽኖች። ሰማዩን በካሜራቸው እያዩ አቅጣጫቸውን ራሳቸው ያስተካክላሉ፣ አጫጭር ፎቶዎችን እየደራረቡ ምስሉን ስልክ ላይ ያወጣሉ፣ ከከተማ መብራት ሥርም ይሠራሉ፣ ዋጋቸውም ከመደባችሁት በታች ነው። ግን ዓይን የሚጠጋበት አይፒስ የላቸውም፤ የሲስታሩ ሌንስ 50 ሚሊ ሜትር፣ የትኩረት ርቀቱ 250 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነም ጁፒተር ትንሽ ነጥብ ሆና ትቀራለች። የእኔ አቋም፣ የመጀመሪያው ቴሌስኮፕ ልጅ ዓይኗን አስጠግታ ብርሃኑን ራሷ የምታይበት መሆን አለበት የሚል ነው።

የኤሌክትሪክ ነገር ከምርጫው ባልተናነሰ ያሳስባል። ማውንቱ ስምንት ባትሪ ድንጋይ ይወስዳል፤ በብርድ ሌሊት ቶሎ ይደክማሉ፣ ኃይሉ ሲቀንስም ሞተሩ ያለ ምክንያት እንደተበላሸ ይሆናል። 12 ቮልት የሚሰጥ፣ የሚሞላ ባትሪ ይግዙ። መብራት በጠፋ ቁጥር ሰፈሩ ጨልሞ ሰማዩ ስለሚደምቅ፣ ያን ጊዜ ሥራ የሚፈታ ቴሌስኮፕ ሊኖርዎ አይገባም። ሊቲየም ባትሪ በአውሮፕላን የሚመጣው በእጅ ሻንጣ ነው፤ አቅሙም ከ100 ዋት ሰዓት በታች ይሁን፣ ከዚያ በላይ ያለው የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል። ባትሪውን እዚሁ ገዝተው ሽቦውን በባለሙያ የሚያስቀጥሉ ከሆነ፣ የመሰኪያው መካከለኛ ክፍል ፖዘቲቭ መሆኑን ሳያረጋግጡ አይሰኩ፤ ተገልብጦ ከገባ ቦርዱ ይቃጠላል፣ እዚህ የሚተካውም አያገኙም።

ፀሐይን በተመለከተ ማስጠንቀቂያዬ ጥብቅ ነው። በቴሌስኮፕ ፀሐይን ለቅጽበት ማየት ዓይንን ለዘለዓለም ያጠፋል። ቀን ማሽኑን ማስነሣት ቢያስፈልግ፣ ሞተሩ ሲዞር በፀሐይ ላይ ሊያልፍ ስለሚችል የቱቦውም፣ ከጎኑ ያለችው አቅጣጫ ማነጣጠሪያ መፈለጊያም ክዳን ይዘጋ። በሰኔ 2012 ላሊበላ ላይ ቀለበት ሠርቶ እንደታየው ያለ ግርዶሽ ሲመጣ፣ የሚፈቀደው የቱቦውን አፍ ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን የፀሐይ ማጣሪያ ብቻ ነው። ከዓይን ሌንሱ ላይ የሚጠመዱ ጥቋቁር ማጣሪያዎች በሙቀት ስለሚሰነጠቁ ከካርቶኑ ውስጥ ካገኛችኋቸው ጣሏቸው። በሐምሌ 26 ቀን 2019 ሉክሶርና ጅዳ ላይ ፀሐይን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍነው ግርዶሽ በእኛ አገር በከፊል ይታያል፤ አዲስ አበባ ክረምት ላይ ብትሆንም ደመናው ቢገለጥ ያለ ማጣሪያ እንዳትገኙ።

ያገለገለ ዕቃ ከተገኘ ብለው ካሰቡ፣ ሚድና ኦሪዮን የተባሉት ታዋቂ የአሜሪካ ስሞች በ2024 እ.ኤ.አ. ሥራ ስላቆሙ የእነሱን ኮምፒውተራማ ማሽን አይውሰዱ፤ ቦርዱ ቢበላሽ መለዋወጫ ማግኘት ያስቸግራል። ኒውቶኒያን የተባሉት ባለ ሁለት መስታወት ቱቦዎችም ከጉዞ በኋላ መስታወታቸው ከመስመር ስለሚወጣ ማስተካከል የሚችል ሰው ይፈልጋሉ፤ ማክሱቶቭ ይህን እምብዛም አይጠይቅም። የሚጠይቀው ትዕግሥት ነው፦ የፊት ሌንሱ ወፍራም ስለሆነ ከቤት ሲወጣ ከውጭው ብርድ ጋር እስኪስማማ ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈልጋል፤ እስከዚያ ምስሉ እንደሚፈላ ውሃ ይርገበገባል። ክረምቱን ሲያሳልፍ ሌንሱ ፈንገስ እንዳያበቅል እርጥበት የሚመጥ ሲሊካ ጄል ጨምረው በተዘጋ ሣጥን ያስቀምጡት፤ አቧራውን በሶፍት አይጥረጉ፣ በአየር መንፊያ ብቻ ያራግፉት።

ጉምሩክ ላይ ባይኖኩላርና ቴሌስኮፕ ሊያዙ የሚችሉ ዕቃዎች ስለሆኑ፣ ወንድምዎ ከመሳፈራቸው በፊት ስለ ፈቃዱና ስለ ቀረጡ ጉምሩክ ኮሚሽንን ይጠይቁ፤ የግዢው ደረሰኝም ከእጃቸው አይለይ። ከመግዛታችሁ በፊት የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ አባላትን ፈልጎ በሌላ ሰው ቴሌስኮፕ አንድ ምሽት ማየትም ይጠቅማል፤ በእንጦጦ ተራራ ላይ፣ 3,200 ሜትር ከፍታ ገደማ የቆሙት ሁለት ባለ አንድ ሜትር ቴሌስኮፖች ያሉበት ኦብዘርቫቶሪ በማኅበሩ ጥረት የተመሠረተ ነው፤ ለአንዲት ሰማይ ወዳድ ልጅም ከቤቷ ብዙ የማይርቅ ነው።

እንግዲህ የሚገዛው ስካይ ዋቸር ስካይማክስ 127 የተባለው ማክሱቶቭ፣ በስልክ ከሚታዘዘው ከኤዜድ-ጂቲአይ ማውንት ጋር ነው። እሱ ከጠፋ ሰለስትሮን ኔክስታር 127 ኤስኤልቲ ተመሳሳይ ስፋትና የትኩረት ርቀት አለው፤ ልዩነቱ ቀኑንና ሰዓቱን በእጅ ማስገባት መኖሩ ነው። ወንድምዎ ትልቅ ካልሆነ ብለው ከጸኑ ስድስት ኢንቹ የኔክስታር የመጨረሻው ወሰን ይሁን። ከሚተርፈው ገንዘብ ባትሪውን፣ ፕሎስል የተባለውን ዓይነት አንድ 32 ሚሊ ሜትር አይፒስና ለሌንሱ የጤዛ መከላከያ ይግዙበት፤ ተጨማሪ የማጉያ ሌንስ አያስፈልግም። ከተማውን ለቃችሁ የምትወጡ ከሆነ ደግሞ በሚያዝያና በግንቦት ምሽቶች የደቡብ መስቀልንና ኦሜጋ ሴንታውሪ የተባለውን የኮከቦች ክምችት ይፈልጓቸው፤ የደቡብ መስቀል ሜሪላንድ ያሉት አጎቷ ከቤታቸው ጨርሶ ሊያዩት የማይችሉት ነው፣ ኦሜጋ ሴንታውሪም እዚያ ከአድማስ እምብዛም ከፍ አይልም።

ለወንድምዎ ዛሬውኑ ይጻፉላቸው። ዕቃው እንደደረሳቸው አንድ ጥርት ባለ ምሽት ግቢያቸው ውስጥ ተክለው ይሞክሩት፤ ጉድለት ቢኖረው መመለስ የሚቻለው ከዚያ ብቻ ነው። ቱቦው በልብስ ተጠቅልሎ በእጅ ሻንጣ ይምጣ፣ ማቆሚያው በጭነት ሻንጣ ይግባ። ከገና ሦስት ቀን በኋላ፣ ጥር 2 ቀን 2018፣ ጁፒተር በሰማይ ላይ ከፀሐይ ትይዩ ትቆማለች፤ ፀሐይ ስትጠልቅ በምሥራቅ ወጥታ ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ወደ 50 ዲግሪ ከፍታ ትደርሳለች። ልጅዎ ቴሌስኮፑን ከምሽቱ ሦስት ሰዓት አውጥታ እንዲበርድ ታስቀምጠው።